ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

አሜሪካ ውስጥ የቤት ኪራይ አሁንም በወረቀት ቼክ የሚከፍል ሰው ሞልቷል። የኔም አከራይ እዚህ ሜሪላንድ ሌላ ነገር አይቀበልም፣ በየወሩ ብሩን በቁጥር እጽፋለሁ፣ ከስሩ በፊደል እደግመዋለሁ፣ ፈርሜ በፖስታ አሽጌ እልካለሁ፣ ከዛ ከአካውንቴ እስኪወጣ ቀናት ይፈጃል። አዲስ አበባ ደሞ መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ የቴሌብር ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ከረከቦቱ ጎን አቁማዋለች፣ ስኒውን ሳታስቀምጥ ብሩ ገብቶላታል። ነዳጅ ሳይቀር ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በስልክ ብቻ ተከፍሎ እንዲቀዳ ተደርጓል።

ለእረፍት ሄዶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይሄንን ነው የሚያወራው፣ "በቴክኖሎጂ አሜሪካንን በልጠናታል እኮ" ይላል፣ እኔም ስሰማው ደስ ይለኛል፣ ግን እንጀራዬ ሲስተም መገንባት ስለሆነ እንዴት እንደዚህ ፈጠነ የሚለው ነገር አይለቀኝም።

አሜሪካ ውስጥ ከ4,000 በላይ ባንክ አለ። ሁሉም የየራሱ ሲስተም አለው፣ እርስ በርስ ብር የሚቀባበሉበት ኤሲኤች የሚባለው መስመር በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተዘረጋ ነው፣ ወዲያው የሚያስተላልፈውን ፌድናው የሚባለውን ማዕከላዊ ባንኩ የጀመረው ገና በ2023 ነው፣ ያውም ግባ ተብሎ የሚገደድ ባንክ የለም። አንድ ነገር ለመቀየር ያ ሁሉ ባንክ መስማማት አለበት፣ ስለዚህ ይንቀራፈፋል። ቴሌብር ግን በግንቦት 2013 ሲጀምር ሲም ካርዱም፣ አንቴናውም፣ ደንበኛውም ቀድሞውኑ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ የኢትዮ ቴሌኮም ነበር፣ ያውም የመንግሥት። ማንንም መለመን አላስፈለገውም፣ ስማርት ስልክ የሌለው ገበሬ እንኳ አጭር ቁጥር ነክቶ ይልካል ይቀበላል። የሠሩትን ልጆች ከልቤ አደንቃቸዋለሁ፣ ቀላል ሥራ አይደለም።

ችግሩ ግን ፍጥነቱን ያመጣው ነገርና መዝጋቱን ቀላል ያደረገው ነገር አንድ መሆኑ ነው። ሁሉም በአንድ በር የሚያልፍ ከሆነ በሩን የያዘ ሁሉንም ይዟል። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 መጣ፣ ጥሩ ነው፣ ዋጋም ጥራትም ላይ ፉክክር አመጣ፣ ግን ዝጋ የሚል ትዕዛዝ ሲመጣ ፈቃዱን ያገኘው ከዛው ከመንግሥት ስለሆነ እምቢ ማለት አይችልም።

የሆነውን እናስታውስ። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል አገር ሙሉ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም ባንኩም ተዘጋ፣ አብዛኛው ቦታ ሁለት ዓመት ገደማ እንደዛው ቆየ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደሞ አማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቆርጦ ስንት ወር ቆየ። እዚህ አብሮኝ የሚሠራ ቤተሰቦቹ መቀሌ የሆኑ ልጅ አለ፣ ያኔ እናቱ ትኑር አትኑር ሳያውቅ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ኮምፒውተሩን ይከፍት ነበር፣ ሳተላይት ስልክ ያለው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ አገኘሁ ያለ ሰው ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ ደም ግፊቷ መድኃኒት ይፈልጋል፣ መድኃኒት መግዣ ደሞ ብር መላኪያ የለም። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ የሚያምር ስላይድ ባየሁ ቁጥር የሱ ፊት ነው የሚመጣብኝ።

አሁን ቲክቶክን እንይ፣ ምክንያቱም የዘመኑ መድረክም፣ ቲያትር ቤትም፣ ገበያም እሱ ሆኗል፣ እዚህም እዛም። አሜሪካ ቲክቶክን ካልተሸጠ ለመዝጋት ስትነሳ መጀመሪያ ኮንግረስ ተከራከረ፣ ሕጉ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2024 ወጣ፣ ኩባንያው ከሰሰ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ፣ ዘጠኙም ዳኞች ሕጉን አጸኑት፣ ጥር 2025 ላይ አፑ አንድ ሌሊት ጠፍቶ በማግስቱ ተመለሰ። ውሳኔው ልክ ነው አላልኩም፣ እኔ ራሴ አልወደድኩትም። ግን ማን እንደወሰነ፣ ለምን እንደወሰነ ተጽፎ ተቀምጧል፣ የፈለገ አንብቦ ይሟገታል። እኛጋ በየካቲት 2015 በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኗ ውዝግብ ጊዜ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ ሲገደብ አምስት ወር ያህል ቆየ፣ የትኛው ዳኛ ፈቀደ? እስከ መቼ ነበር? በቴሌግራም ልብስ የምትሸጥ ልጅ፣ ዩቲዩብ ላይ አጫጭር ድራማ የሚሠሩ ልጆች ቪፒኤን ከፍተው ነው የሠሩት፣ ቪፒኤኑ ዳታ ይበላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ የኪሳራው ተጠያቂ የለም።

አሜሪካኖቹም ንጹህ ናቸው እያልኩ አይደለም። እዚህ ማጥፊያው በኩባንያዎቹ እጅ ነው፣ ማጥፋት ያለባቸውንም ሳያጠፉ ይቀራሉ። በጥቅምት 2014 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ሰፈራቸው ተለጥፎ ዛቻ ሲዘንብባቸው ከቆየ በኋላ በራቸው ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ጥቆማ ብልክም አልሰሙኝም ብሎ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ፣ የኬንያው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በፈረንጆቹ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ናይሮቢ ነው እንግዲህ ልብ በሉ፣ ገዳዮቹ ያሉት ባሕር ዳር፣ ኩባንያው ያለው ካሊፎርኒያ፣ ፍትህ የሚጠየቀው ሦስተኛ ሀገር። ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛ በቂ ሰው ቀጥሮ ማስቀመጥ ለዛን ያህል ኩባንያ ምንም አልነበረም።

አሁን ደሞ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ መጥቷል። ፋይዳን አልቃወምም፣ መታወቂያ አጥቶ ከቀበሌ ቀበሌ ሲንከራተት የኖረ ሕዝብ አንድ ቁጥር ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን የባንክ አካውንቱም፣ ሌላ ሌላውም አገልግሎት ከሱ ጋር እየተያያዘ ነው፣ ስለዚህ ነገ የሚዘጋው ኢንተርኔት ብቻ ላይሆን ይችላል፣ አንድን ሰው ለይቶ መዝጋትም በቴክኒክ ደረጃ ቀላል ይሆናል። ይሄን ለሀገር ቤት ጓደኞቼ ሳነሳ "ለጸጥታ ሲባል አንዳንዴ ግድ ነው" የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ግድ ከሆነ በአዋጅ ይጻፍ፦ ፍርድ ቤት ሳያዝ አይዘጋም፣ ሲዘጋ ምክንያቱና የት የት እንደሆነ በዛው ቀን ይነገራል፣ ቀኑ ሲያልቅ በራሱ ይከፈታል፣ ሆስፒታልና ባንክ በምንም ሁኔታ አይነካም። ይሄንን ሲስተም ውስጥ ማስገባት ለኛ ለኢንጂነሮች ከባድ ሥራ አይደለም፣ ቀኑ ሲያልቅ በራሱ የሚከፍት ኮድ ጀማሪ ልጅም ይጽፈዋል። እዛ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ቀጣዩን ሲስተም ስትነድፉ ይሄን ጥያቄ ስብሰባው ላይ አንሱት።