ማስተካከያ፦ ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ 6 ሰዓት ተኩል አይደለም

ስለ ረጃጅም በረራዎች ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ከሲንጋፖር እስከ ኒው ዮርክ ያለው ርቀት 15,300 ማይል፣ ያለ ማረፍ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ 6 ሰዓት ተኩል ነው ብለን ነበር። ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ርቀቱ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በማይል ከ9,500 ብዙም አይርቅም። ቁጥሩን ይዘን መለኪያውን አሳስተናል። 15,300 ማይልማ ከ24,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የትኞቹም ሁለት ከተሞች በአጭሩ መንገድ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ብዙም ርቀው ሊራራቁ እንደማይችሉ እያወቅን ማለፋችን ያሳፍራል።

የሰዓቱ ስሕተት ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። አውሮፕላኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ያርፋል እንበል። መቀነስ ቀላል ነው፤ ውጤቱም 6 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ነገር ግን ትኬት ላይ መነሻውም መድረሻውም የሚጻፉት በየከተማው ሰዓት ነው። ሲንጋፖር ኒው ዮርክን በ12 ሰዓት ትቀድማለች፤ ኒው ዮርክ ሰዓቷን ወደፊት በማትገፋባቸው ወራት ደግሞ በ13። ስለዚህ 12 ሲደመር በረራው 18 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ርቀቱን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብናካፍል 17 ሰዓት ይደርሳል፤ የቀረው መንደርደሪያው፣ መውጣት መውረዱና ምቹ ነፋስ ፍለጋ የሚዞረው መንገድ የሚወስደው ነው።

በመልሱ ስሌቱ ይገለበጣል፦ ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ከኒው ዮርክ የተነሣ መንገደኛ ሲንጋፖር የሚደርሰው ረቡዕ ንጋት ላይ ነው።