ዱባይ ፎርሙላ ዋን ቢያምራትስ?

በየዓመቱ የፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም የመጨረሻ ውድድር አቡ ዳቢ ላይ ሲደረግ አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ዱባይስ? ከዱባይ ተነስቶ ውድድሩ የሚካሄድበት ያስ ደሴት ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዓለም ረጅሙን ሕንፃ የሠራች ከተማ፣ በገበያ ማዕከሏ ውስጥ በበረዶ ላይ ሰው የምታንሸራትት ከተማ፣ እንዴት የራሷ ውድድር አይኖራትም? ባህሬን አላት። ኳታር አላት። ሳዑዲ አላት። ዱባይ የላትም።

የእኔ መልስ አጭር ነው። ማዘጋጀት ትችላለች። ግን አያስፈልጋትም፤ ስፖርቱም ከእሷ የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የበረሃውን ነገር ነው። እሱ ጥያቄ በ2004 ተመልሷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው)። ባህሬን ሳኪር ላይ የመካከለኛው ምሥራቅን የመጀመሪያ የፎርሙላ ዋን ውድድር ስታዘጋጅ ዋናው ስጋት አሸዋው ነበር። አሸዋ አስፋልት ላይ ሲበተን ጎማው መሬት አይዝም። ሞተር ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? በትራኩ ዙሪያ ያለውን አሸዋ ማጣበቂያ ረጩት። ሚካኤል ሹማከር በፌራሪ አሸነፈ፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ገባ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የአስፋልቱ ነገር ነው። ጎማ አጥብቆ የሚይዝ፣ ቶሎ የማይልም ድንጋይ ስለተፈለገ ጠጠሩ ከእንግሊዝ፣ ሽሮፕሻየር ውስጥ ካለ የድንጋይ ካባ በመርከብ ተጭኖ መጣ። አቡ ዳቢም ያስ ደሴት ላይ ላለው ትራኳ፣ ለያስ ማሪና፣ ከዚያው ካባ ነው ያስመጣችው። በድንጋይና በአሸዋ የተከበበ አገር ድንጋይ ከእንግሊዝ ይገዛል! ገንዘብ ሲኖር እንዲህ ነው።

ለሙቀቱም መላ ተገኝቶለታል፤ ማታ መሮጥ። አቡ ዳቢ በ2009 ስትጀምር ውድድሩን ፀሐይ ስትጠልቅ አስነስታ በመብራት አስጨረሰችው። ይሄ ለዓይን ብቻ አይደለም። ፀሐይዋ ስትገባ አስፋልቱ ይቀዘቅዛል፣ የጎማው ጠባይም አብሮ ይለወጣል። ቀን ላይ የተደረገ ልምምድ ስለማታው ውድድር ብዙም አይነግርህም። መሐንዲሶቹ የሚጨነቁት በዚህ ነው፤ ለተመልካች ግን ጥሩ ነው።

ማታ መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየችው ኳታር ናት። በ2023 ሉሳይል በሚባለው ትራኳ ላይ ውድድሩ የተደረገው ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ነበር። ጨለማው ሙቀቱን አላበረደውም፤ ወበቁም አለ። በዚያ ላይ ለጎማ ደህንነት ሲባል አንድ ጎማ ከ18 ዙር በላይ እንዳይሄድ ተከለከለ። ጎማ መቆጠብ ቀረና ሁሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነዳጅ ረግጦ ነዳ። አሽከርካሪው ኤስቴባን ኦኮን የራስ ቁሩ ውስጥ አስመለሰው። ሎጋን ሳርጀንት መቀጠል አቅቶት አቋረጠ። ላንስ ስትሮል ከመኪናው ወርዶ ሲንገዳገድ ዓለም አየው። ከዚያ በኋላ የኳታር ውድድር ወደ ዓመቱ መጨረሻ ተገፋ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ እንደሚያልፍ ከተተነበየ ቡድኖች ለአሽከርካሪው የማቀዝቀዣ ልብስ መሣሪያ መኪናው ላይ እንዲገጥሙ ደንብ ወጣ።

እንግዲህ ለተወዳዳሪው መፍትሔ አለ። አጥሩን የሚተክለው፣ የተመልካች መቀመጫውን የሚገጣጥመው ሠራተኛስ? ገልፍ የሠራ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው ይህን አይጠይቀኝም፤ ያውቀዋል። ዱባይና አቡ ዳቢ ያሉባት አገር ኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ውጭ ላይ መሥራትን ትከለክላለች። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ኖቬምበር ላይ የሚደረግ ውድድር ዝግጅቱ የሚጀምረው በዚያው የሙቀት ወራት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ሰዓት የምናየው ነገር ወራት የሚፈጅ የጉልበት ሥራ አለበት።

ወደ ዱባይ እንመለስ። የት ይደረግ? ከተማዋ ትራክ የላትም ማለት አይደለም። ዱባይ ኦቶድሮም በ2004 ነው የተከፈተው፤ 5.39 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ሲሠራ የፎርሙላ ዋን ደረጃ እንዲያሟላ ተደርጎ ነበር። ከ2006 ጀምሮ የ24 ሰዓት ውድድር እየተካሄደበት ነው፤ አውሮፓ በብርድ ተኮራምታ ባለችበት በጃንዋሪ ወር ቡድኖች ይጎርፋሉ። ችግሩ ትራኩ አይደለም። የተመልካች ቦታው ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ሞተር ሲቲ የሚባል የመኖሪያ ሰፈር በቅሎበታል። ስሙ የመኪና ቢሆንም ነዋሪው እንደማንኛውም ነዋሪ መተኛት ይፈልጋል።

ሌላው ሐሳብ የጎዳና ውድድር ነው። ዱባይ ማሪናን፣ ቡርጅ ከሊፋን ከኋላ አድርጎ፣ ሼክ ዛይድ መንገድን ዘግቶ። ለፎቶ ከዚህ የሚበልጥ የለም። መንገዱም በዓመት አንድ ጊዜ ለብስክሌትና ለሩጫ ሲዘጋ አይተናል። ግን እሱ በእረፍት ቀን ማለዳ ለጥቂት ሰዓት ነው። ለፎርሙላ ዋን አስፋልት እንደ አዲስ ማንጠፍ፣ የኮንክሪት አጥር መደርደር፣ መብራት መትከል አለ።

ሌላዋን የበረሃ ሀብታም ላስ ቬጋስን ጠይቁ። በ1981 እና በ1982 ውድድሩን የሆቴል መኪና ማቆሚያ ላይ አድርጋ ሳይሳካላት ቀረ። በ2023 ከዋናው ጎዳናዋ ጋር ስትመለስ የመጀመሪያው ልምምድ በስምንት ደቂቃ ተቋረጠ፤ መንገዱ ላይ ያለ የውኃ መስመር ክዳን ተነቅሎ የካርሎስ ሳይንዝን ፌራሪ ወለሉን አወደመው። ሌሊት ሲጠብቅ ያመሸው ተመልካች ሁለተኛው ልምምድ ሳይጀመር ወደ ቤትህ ተባለ። በመንገዱ ዳር ያሉ ነጋዴዎች ደግሞ ለወራት በግንባታው ሲያማርሩ ነበር። ዱባይም የራሷ ጉድ አለባት። በአፕሪል 2024 የወረደው ዝናብ በ75 ዓመት ያልታየ ነበር፤ የአውሮፕላን ማረፊያዋ ሳይቀር በውኃ ተጥለቀለቀ። በረሃ ነው ብሎ የውኃ መውረጃን መርሳት አይቻልም።

ይህም ሁሉ ቢሆን ገንዘብና ብልሃት ላለው ሰው የሚፈታ ነው። ዱባይን የሚያቆማት የቀን መቁጠሪያው ነው። ፎርሙላ ዋን በዓመት 24 ውድድር አለው፤ ቡድኖቹም ከዚህ በላይ አንችልም እያሉ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አራቱን የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይዘዋል። እዚያ አካባቢ መኪና በምቾት የሚነዳው ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ግፋ ቢል እስከ አፕሪል ነው። በዚህ ላይ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይገባበታል። በ2024 ባህሬንና ሳዑዲ ውድድሩን ቅዳሜ ያደረጉት፣ በ2025 ደግሞ ወደ አፕሪል የገፉት ለዚሁ ነው። አምስተኛ ተጋባዥ የት ይቀመጥ?

ከሁሉም በላይ ግን ጎረቤት አለ። አቡ ዳቢ እስከ 2030 ውል አላት፤ የዓመቱ መዝጊያ እሷ ጋ ነው። ሻምፒዮናው እዚያ ከተወሰነ፣ ልክ በ2021 ማክስ ቬርስታፐን በመጨረሻው ዙር ሉዊስ ሃሚልተንን አልፎ እንደነጠቀው፣ ዓለም የሚያወራው ስለእሷ ነው። ይህን የምታህል ጌጥ ከፍላ የያዘች ከተማ፣ በዚያው ባንዲራ ሥር ያለች እህቷ ከአንድ ሰዓት ርቀት ላይ ሌላ እንድትከፍት ለምን ትፈልጋለች? እኔ ብሆን አልፈልግም።

ዱባይም ይህን የምታውቅ ይመስለኛል። አሁንም ቢሆን ተጠቃሚ ናት። ለአቡ ዳቢ ውድድር ከሚመጣው እንግዳ በዱባይ በኩል የሚገባ አለ፤ እዚያው አድሮ፣ እዚያው ሸምቶ ይመለሳል። አየር መንገዷ ኤምሬትስ ከ2013 እስከ 2022 የፎርሙላ ዋን አጋር ነበር፤ በየትራኩ ዳር ስሙን እናይ ነበር። ኳታር ኤርዌይስ በ2023 ቦታውን ሲረከብ ዱባይ አላለቀሰችም።

ደግሞ ስፖርት መግዛት ለእሷ አዲስ አይደለም። የፈረስ ውድድሯን የዓለም ስም አድርጋዋለች። ማራቶኗን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 2008፣ 2009 እና 2010 አከታትሎ አሸንፏል። በ2008 የሮጠው 2:04:53 በወቅቱ በታሪክ ሁለተኛው ፈጣን ሰዓት ነበር። አሸናፊው 250 ሺህ ዶላር ይወስድ ነበር፤ ለዓለም ክብረ ወሰን አንድ ሚሊዮን ዶላር ተቀምጦ ነበር። ደይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር እንጀራ ሲበሉ ያደሩ ሐበሾች በማለዳ ወጥተው ባንዲራ ያውለበልባሉ። ያ ውድድር ከፎርሙላ ዋን ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው፤ ግን በየዓመቱ የከተማዋን ስም ያስጠራል።

ስለዚህ አንድ ወንበር ከተገኘ ወደ አፍሪካ ይምጣ እላለሁ። ፎርሙላ ዋን በአህጉራችን የተካሄደው ለመጨረሻ ጊዜ በ1993 ደቡብ አፍሪካ፣ ኪያላሚ ላይ ነው። የሰባት ጊዜ ሻምፒዮኑ ሃሚልተን አፍሪካ ትካተት ሲል ዓመታት ሆኖታል። ሩዋንዳ በዲሴምበር 2024 ኪጋሊ ላይ በፕሬዚዳንት ካጋሜ አንደበት ጥያቄዋን በይፋ አቅርባለች። በኮንጎ ጉዳይ የሚነሳባት ወቀሳ ግን ቀላል አይደለም፤ ገልፍን በሰብአዊ መብት የሚተች ሰው እዚህ ሲደርስ ዝም ሊል አይገባም። (አዲስ አበባስ ለሚለኝ ሰው፦ ከፍታው ሰበብ አይሆንም፤ ሜክሲኮ ሲቲም 2,200 ሜትር ላይ ሆና ታዘጋጃለች። ሌላው ሰበብ ግን ብዙ ነው።)

ለእኔ የቀረበው ኪያላሚ ነው። ትራኩ አለ፣ ታሪክ አለው፣ ማሻሻያ ዕቅዱንም የዓለም አውቶሞቢል ፌዴሬሽን በ2025 ተቀብሎታል። ዕቅዱን የነደፈው ድርጅት፣ ይገርማል፣ ዱባይ ኦቶድሮምን የነደፈው ያው የእንግሊዝ ድርጅት ነው። የቀረው የአዘጋጅነቱን ክፍያ ማን ይከፍላል የሚለው ነው፤ ፕሪቶሪያም እስካሁን ኪሷን አልከፈተችም።