ከፊት ያለፈው መንገደኛ የሚነግረን

በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በሰመር ወራት ረጅም መንገድ በመኪና መጓዝ ለምደናል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ከተማ እየቀየረ በጁላይ መግቢያ ላይ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በዓል፣ እንዲሁም ሰርጉና ልቅሶው፣ ቤተሰብን ከነልጆቹ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ያስነዳል። ከዋሽንግተን አካባቢ ተነሥቶ አትላንታ የሚሄድ ሰው በሀይዌይ 95 ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ፒተርስበርግ ላይ ወደ 85 ገብቶ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ከፊት ያለውን የሚነግረው ከእሱ ቀድመው ያለፉ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚያገናኛቸውም ዌዝ የተባለው መንገድ የሚመራ የስልክ መተግበሪያ ነው።

ዌዝ መነሻው በ2006 እስራኤል ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረ ነጻ የካርታ ሥራ ነው፤ በ2013 ጉግል ገዝቶታል። አሠራሩ ሁለት ነገሮችን ያጣምራል። አንደኛው ተጓዡ ምንም ሳያደርግ ስልኩ የሚሰጠው መረጃ ሲሆን፣ መኪኖች አንድ ቦታ ላይ ሲንቀረፈፉ መጨናነቅ መኖሩን ሥርዓቱ ከፍጥነታቸው ያውቃል። ሁለተኛው ሰዎች አስበው የሚሰጡት ነው፤ አደጋ፣ ጉድጓድ፣ የቆመ መኪና፣ ፖሊስ። ከፍሬድሪክስበርግ በታች፣ መኪናው ሁሉ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ በሚከንፍበት ቦታ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር እንዳለ ስልኩ አስታወቀን፤ ወዲያውም ከከባድ መኪና የተገነጠለ የጎማ ቁራጭ በመካከለኛው መስመር ላይ ተጋድሞ አየን። ስናልፈው «አሁንም አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ከጎኔ የተቀመጠችው እህቴም አለ ብላ ነካችው። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ይህ የጎን ተቀማጭ ሥራ ነው፤ ሊሆንም ይገባዋል። ለእኛ ያስጠነቀቀንን ሰው አናውቀውም፤ ከኋላችን የሚመጣውም እህቴን አያውቃትም።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ለውሸት የተጋለጠ መምሰሉ አይቀርም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ባለችው በታኮማ ፓርክ አንድ ነዋሪ፣ መተግበሪያው መኪናውን ሁሉ በሰፈሩ ጠባብ መንገድ እየላከ ቢያስመርረው፣ በሐሰት አደጋ ደርሷል እያለ ሲያስመዘግብ እንደነበር በ2016 ተዘግቦ ነበር። ዘዴው ብዙ አልሠራለትም። አደጋ አለ በተባለበት ቦታ ሌሎች መኪኖች በሙሉ ፍጥነት ሲያልፉ ውሸቱ ራሱን ያጋልጣልና። የሰውየው ምሬት ግን እውነተኛ ነበር፤ በኒው ጀርሲ የምትገኘው የሊዮኒያ ከተማም በተመሳሳይ ምክንያት በ2018 መንገዶቿን በተወሰኑ ሰዓቶች ነዋሪ ላልሆነ አሽከርካሪ ዘግታ ነበር።

ወደ አገር ቤት ስመለስ የማየው ደግሞ ይህ የመነጋገር ልማድ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ በክረምት ጭጋጉ ፊት ለፊት ያለውን መኪና እንኳ ይሸፍናል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ይወርድና ከመንገዱ ዳር ቅርንጫፍ ዘንጥፎ፣ ከመኪናው ኋላ ራቅ አድርጎ አስፋልቱ ላይ ይጥለዋል፤ ጎማውን በድንጋይ ያስደግፋል። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ቅጠሉን ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከፊት የሚመጣውም መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርጎ ከመታጠፊያው ባሻገር ከብት ወይም ትራፊክ ፖሊስ መኖሩን ይናገራል። ለማያውቁት ሰው ማሰብ ማለት ይህ ነው፤ ማንም ኩባንያ አላስተማረንም።

ችግሩ መልእክቱ ከዓይን ርቀት አለማለፉና የሚያነሣው ሰው ማጣቱ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል፤ ሲመሽም ያ ለማስጠንቀቂያና ለድጋፍ የተቀመጠ ድንጋይ ራሱ አደጋ ይሆናል። አሁንም አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ የራቀው ወሬ ደግሞ በሾፌሮች ስልክ ከሰው ወደ ሰው ስለሚሄድ፣ ከፊት ያለ ሾፌር የሚያውቅ ሰው መንገዱን ያውቃል፤ ወላድ ይዞ ወደ ሆስፒታል የሚጣደፍ፣ ማንንም የማያውቅ ሰው ግን ሳያውቅ ይገባበታል።

ይህ ክፍተት ዛሬ ከመቼውም በላይ ያሳስበኛል፤ ተጓዡ መጀመሪያ የሚጠይቀው መንገዱ ሰላም መሆኑን ነውና። በጁላይ 2024 በገብረ ጉራቻ አካባቢ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ላይ ታግተዋል። በአማራ ክልል ደግሞ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ኔትወርክ በሌለበት የማንም ማስጠንቀቂያ ከማንም ዘንድ አይደርስም። የኒው ዮርክ ፖሊስ በ2019 ጠጥተው የሚነዱ ሰዎች የሚፈተሹባቸው ኬላዎች በዌዝ ላይ መታየታቸው እንዲቀር ለጉግል ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ተጠቃሚዎች ግን ማመልከታቸውን ቀጥለዋል። ግጭት ባለበት አገር ኬላ የት እንዳለ የሚያመለክት ሰው በጥርጣሬ ሊታይ ስለሚችል፣ ይህን ክፍል እንዳለ ወደ አገር ቤት እናምጣው አልልም። የጎርፉ፣ የናዳው፣ የተሰበረው ድልድይና የተበላሸው መኪና ነገር ግን ማንንም ጠላት አያደርግም።

እኛ ውጭ ያለነው ከመመኘት ያለፈ ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። የዌዝ ካርታ በበጎ ፈቃደኞች የሚታረም ሲሆን፣ አንድ ሰው መተግበሪያውን ከፍቶ በነዳበት መንገድ አካባቢ ያለውን ካርታ ኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል ይፈቀድለታል። ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ገብቶ መኪና ተከራይቶ ወደ ዘመድ የሚወርድ ሰው መተግበሪያውን ከፍቶ ቢነዳ፣ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ የተሳሳተውን መታጠፊያ፣ ያልተመዘገበውን ድልድይና አዲሱን መንገድ ማስገባት ይችላል። ማንም ሰው በነጻ በሚያርመው፣ ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው የኢንተርኔት ካርታ ላይ ደግሞ ይህን ከሳተላይት ምስል ላይ መሥራት ስለሚቻል፣ የትውልድ ወረዳውን መንገዶች ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ማታ እቤቱ ተቀምጦ መጀመር ይችላል።