ሞቱን ትታችሁ ሙዚቃውን ስሙለት

አሜሪካዊው የኦርኬስትራ መሪና የሙዚቃ ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1990 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በሚገኘው የሙዚቃ ማዕከል በታንግልዉድ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን እየመራ ባቀረበው የመጨረሻ ኮንሰርቱ ላይ የተቀዳው የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ በተነሳ ቁጥር፣ የአድማጮቹ ፍርድ ያንገበግበኛል። ግማሹ፣ ሰውየው ከሁለት ወር በኋላ እንደሚያርፍ ያኔ የታወቀ ይመስል፣ እያንዳንዱን ኖታ ኑዛዜ አድርጎ ያለቅሳል፤ የቀረው ደግሞ «ተጓተተ» ብሎ በአንድ ቃል ይገላገለዋል። መጓተቱንስ አልክድም፣ በተለይ በሦስተኛው ክፍል ዝግታው ይከብዳል። ነገር ግን በዚያው ክፍል መሪውን ሳል አንቆት መምራት ሲሳነው፣ የእጁን ምልክት ሳይጠብቁ ጨዋታውን ያስቀጠሉትን ሙዚቀኞች ከሁለቱም ወገን የሚያነሳቸው ሰው እንዴት ይጠፋል? ለአንድ ሰው ሞት ይህን ያህል እንባ ሲፈስ፣ ዜማውን ተሸክመው ከዳር ላደረሱት አንዲት የምስጋና ቃል እንኳ መንፈጋችን ያሳፍራል።