ማኅበሩ የወንዶች፣ ጋኑ የሴቶች

ባሕር ዳር ላይ ጎጆ ወጥቶ የጽዋ ማኅበር የሌለው ወንድ ብታገኙ፣ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ቅጣት አልከፍልም ብሎ የተሰናበተ ነው። ወሩ እንደሆነ ከዳር እስከ ዳር ተይዟል። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ሦስት ማኅበር የሚጠጣ ሰው አውቃለሁ። ነጭ ለብሶ ሲወጣ ሚስቱ ወዴት ነው አትለውም፤ የግድግዳውን ካላንደር ታያለች።

የእኛው የገብርኤል ነው፤ የወንዶች ብቻ። መተዳደሪያ ደንባችን ዓላማውን ሲዘረዝር «በክርስቲያናዊ ወንድማማችነት መተሳሰብ፣ መመካከርና ማገልገል» ይላል። መተሳሰቡ አለ፣ ሐሰት አልናገርም። ከመካከላችን የታመመ ሲኖር ሐኪም ቤቱን እንሞላዋለን፤ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ ሳይተከል ደርሰን ነው የምንገኘው። መመካከሩማ ተትረፍርፏል። ማገልገሉም ቢሆን አልጠፋም፤ የሚከናወነው ግን ስማቸው አባላት መዝገብ ላይ በሌለ ሰዎች እጅ ነው።

ተረኛው ወንድማችን ጽዋውን ተቀብሎ፣ «ያድርሰኝ» ብሎ፣ በእልልታ ታጅቦ ቤቱ ሲገባ የእሱ ድርሻ አበቃ። ከዚያ በኋላ ገብስ ይነከራል፣ ብቅል ይሆናል፤ ጌሾው ፀሐይ ይመታዋል፣ ይወቀጣል፤ ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ይጠነሰሳል፣ አሻሮው ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይደፈደፋል። በዚህ ሁሉ መካከል ባልየው በየሁለት ቀኑ አንገቱን ወደ ጓዳ አስግጎ «እህ፣ ደረሰ?» ይላል። ይኸው ነው። በማኅበሩ ዕለት ጠላው አምሮ ከተገኘ «የእገሌ ጠላማ ልዩ ነው!» ተብሎ የባልየው ስም ይጠራል። የቀጠነ እንደሆነ ደግሞ ጎረቤት ለጎረቤት ጠጋ ተባብሎ «ዘንድሮ ምን ነካት?» ይባላል።

በሰኔው ማኅበር ጾመ ሐዋርያት ስለነበር ክርክራችን እንደ ወትሮው በዓሣ ተጀመረ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም? ጣና ዳር ተወልዶ በዚህ ጉዳይ አቋም የሌለው ሰው ገና አላየሁም። አቋሙን የሚወስነው ግን ፍትሐ ነገሥቱ ሳይሆን ቆሮሶው የሚጠበስበት ቤት ቅርበት ነው። መምሬ «ልጆቼ፣ ሆድ እንጂ ዓሣ ምን በደለ» ብለው ዘጉትና ወደ ትምህርታቸው ገቡ።

ትምህርቱ ስለ ሕጽበተ እግር ነበር። ጌታ ከማዕድ ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር ዝቅ ብሎ እንዳጠበ፤ ጴጥሮስ «የእኔንማ አታጥብም» ብሎ እንዴት እንዳስቸገረ፤ እናንተም እርስ በርሳችሁ እንዲሁ አድርጉ እንዳላቸው። መምሬ ሲያስተምሩ ልብ ይነካሉ። እሳቸው ይህን ሲሉ የባለተራው ሚስት ጆጉን በቀኝ፣ ሳፋውን በግራ ይዛ፣ ጎንበስ እንዳለች ከአንዱ ወንድም ወደ ሌላው እየዞረች እጅ ታስታጥባለች። የማኅበሩ መሪ ሙሴው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ከመምሬ ሳይነቅሉ፣ «እውነት ነው! እውነት ነው!» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ራሳቸው ሲነቀነቅ እጃቸውም አብሮ ይነቀነቃልና ውኃው ከሳፋው እያለፈ የሴትዮዋን ነጠላ አራሰው፣ ጥቂትም ጫማቸው ላይ ተንጠባጠበ። እሷ በነጠላዋ ደረቅ ጫፍ ጫማቸውን ጠረገችላቸውና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ከትምህርቱ በኋላ ሁላችንም ቃለ ሕይወት ያሰማልን አልን።

ከመካከላችን ይህን ያየ አንድ ሰው ነበር፤ በዕድሜ ትንሹ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በግቢ ጉባኤ ያደገው። እጁን አወጣና «አባቶቼ፣ ማኅበራችን ከመብላትና ከመጠጣት አልፎ አገልግሎት ቢኖረውስ?» አለ። ሙሴው «ሐሳቡ ጥሩ ነው» አሉ። በእኛ ማኅበር ሐሳብ የሚቀበረው በዚህች ቃል ነው። ልጁ ግን ፍትሐት እንኳ ሳይደረግለት ሐሳቡን ከመቃብር አወጣውና ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ኮሚቴ ሲባል ማን እምቢ ይላል? ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሹም፣ ንብረት ክፍልና ኦዲተር ተመረጡ። ንብረታችን አንድ ጽዋና ሁለት ጆግ ነው፤ ሁለተኛው ጆግ ጆሮ የለውም።

ኮሚቴው መጀመሪያ ያመጣው እምቦጭን ነበር። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ጣናን የወረረውን አረም የማያውቅ የለም። የደምቢያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬ ስንት ጊዜ ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ እንደታገለው፣ በ2013 ጥቅምት ላይ ደግሞ ለአንድ ወር በዘመቻ እንደተሠራበት እናስታውሳለን። የሚቀረው መዝመት ብቻ ነበር። ሒሳብ ሹሙ ጉዳዩን በአኃዝ ዓይን ተመለከተው። «ይኼ አረም ቁራጩ ከቀረ ከቁራጩ ይበቅላል። ዘሩ ደግሞ ደለል ውስጥ ስንትና ስንት ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ወጪው የታወቀ ነው፤ ገቢው የታለ?» አለ። ወዲያው የብዙዎቻችን ወገብ ታመመ። አንዱማ ዲስኩ ከየትኛው አጥንት ላይ እንደተንሸራተተ በጣቱ እየነካ አሳየን።

ቀጥሎ የመጣው የአንዲት መበለት ጎረቤታችን ቤት ነበር። ግድግዳው ተገምሷል፣ ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። በዚህስ ሁሉም ተስማማ። ሙሴው «እንጨቱን እኛ እናቆማለን፤ ጭቃውን አቡክቶ መምረጉ ግን የሴት እጅ ይፈልጋል። እህቶቻችን ያግዙናል» አሉ። እንጨቱ የቆመ መሆኑን፣ የወደቀው ጭቃው ብቻ መሆኑን ያስታወሳቸው አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ልጁ መጽሐፍ የጠቀሰው። «በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ መበለቶቻችን በየዕለቱ አገልግሎት ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ሲነሣ፣ ማዕድ እንዲያገለግሉ የተሾሙት እኮ ሰባት ወንዶች ናቸው። የሰባቱም ቀዳሚ እስጢፋኖስ ነው፤ እዚሁ ጣና ላይ፣ የእነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የእነ ዐፄ ፋሲል አፅም ባረፈበት በዳጋ ደሴት የምንሳለመው» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። መምሬ ወደ ጣራው አዩ። ሙሴው ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ምን ያድርግ ብለህ ነው ልጄ፣ እስጢፋኖስ አላገባም» አሉ።

የመበለቲቱን ቤት በመጨረሻ የመረጉት ሚስቶቻችን ናቸው። እኛ ደግሞ ከብዙ ምክክር በኋላ አገልግሎታችንን ክብራን ገብርኤል ላይ ልናደርግ ወሰንን። ታቦቱም የራሳችን፣ ቦታውም ቅርብ፤ ከወደቡ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሄዱ ነው። ለሐምሌ 19 ክብረ በዓል ዋዜማውን ሄደን ለገዳሙ ግንባታ ድንጋይ ልንሸከም ታቀደ። ሴቶቹ ስንቁን አዘጋጅተው፣ ዳቦ ቆሎውን፣ በሶውን ቋጥረው እስከ ወደቡ ተሸክመውልን መጡ። ድንጋይ ልንሸከም የምንሄደው ሰዎች ባዶ እጃችንን እየተወዛወዝን ከፊት ከፊት እንሄዳለን።

ክብራን ሴት እንደማይገባባት የታወቀ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተ የመነኮሳት ገዳም ነው፤ ሴቶች ከፊት ለፊቱ ያለችውን የመነኮሳይያትን ደሴት፣ እንጦስን ይሳለማሉ። ባለቤቴ ጀልባው ሲነሣ እጇን እያውለበለበች፣ «ገብርኤል ይጠብቃችሁ! ይህቺን አንድ ቀን እንኳ ስላሳረፈንም ክብር ምስጋና ይድረሰው!» ብላ ጮኸች። ጓደኞቿ እልል አሉ። ምርቃት መስሎን «አሜን» አልን።

ደሴቲቱ ላይ የተቀበሉን የገዳሙ መጋቢ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ቁጭ አድርገው አሳረፉን፣ ባረኩን፣ ከዚያ «ድንጋዩ እንኳ ተጓጉዞ አልቋል። ልጆቼ፣ እናንተን ያመጣልን ገብርኤል ነው፤ ነገ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ እቤት ያሉት ረድኦች ግን ጥቂት ናቸው። ጓዳ ትረዱናላችሁ» አሉን። ሙሴው የሰሙትን ያልሰሙ መስለው «ጓዳ ማለት…» አሉ። «እንጀራ» አሉ መጋቢው።

እዚህ ላይ እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ክብራን ላይ ሴት የለችም። ከተመሠረተ ጀምሮ እንጀራው የተጋገረው፣ ውኃው የተቀዳው፣ ንፍሮው የተቀቀለው፣ ጋኑ የታጠበው በወንድ እጅ ነው። ለዚህ ሁሉ ዘመን በዚህች ጠባብ ደሴት ላይ አንድ ወንድም ሌላውን ወንድም ሲያበላ ኖሯል፤ ቃለ ጉባኤም አልተያዘለትም።

እኔ ውኃ ላይ ተመደብኩ። ጀሪካን ከሐይቁ ሞልቶ ያንን ዳገት መውጣት ነው፤ ዝርዝሩን ተዉት። ወሬው ያለው ምድጃው ዘንድ ነበር። ሒሳብ ሹሙና ሙሴው ምጣድ ፊት ተቀመጡ። ሐምሌ በመሆኑ እንጨቱ ርጥብ ነው። ሙሴው እፍ ሲሉ ጭሱ ወደ እሳቸው ይመጣል፤ ቦታ ሲቀይሩ ተከትሏቸው ይዞራል። ዓይናቸው በርበሬ መሰለ። ጢም እንኳ በቅጡ ያላበቀለ፣ ቢጫ የለበሰ አንድ ረድእ አጠገባቸው ቆሞ፣ በትሕትና «አባቴ፣ ጎመን ዘሩን አስቀድመው ያስሱበት… አባቴ፣ እሳቱ በዝቷል… አባቴ፣ አሁን ደግሞ ጠፍቷል» ይላቸዋል።

ሒሳብ ሹሙ ሊጡን በጣሳ ጨለፈና ምጣዱ መሃል ላይ ደፋው። ረድኡ «ከዳር ነው ጋሼ፣ ከዳር ጀምረው እያዞሩ ወደ መሃል» አለው። ከዳር ጀመረ፤ መሃል ሳይደርስ ሊጡ አለቀበት። አክንባሎውን ከደኑ፣ ጠበቁ፣ ከፈቱ። የወጣው ነገር ካርታ ይመስል ነበር፤ ባሕረ ሰላጤም ደሴትም አለው። «ግድ የለም፣ ማሟሻ ነው» ብሎ ረድኡ አጽናናቸው። ሁለተኛውም ማሟሻ ሆነ። ሦስተኛውም። ሙሴው ስድሳ ምናምን ዓመት እንጀራ የበሉ ሰው፣ አንዱን ማሟሻ ወደ ብርሃን አንሥተው አገላብጠው አዩትና «እኔ ምልህ ልጄ፣ ዓይን የሚያወጣው በምኑ ነው?» ብለው ጠየቁ። ረድኡ አስረዳቸው። ከልባቸው አዳመጡ፤ በመምሬ ትምህርት ጊዜ እንኳ እንዲህ ሲያዳምጡ አይቻቸው አላውቅም።

ወደ ማታ ላይ ጥቂት እንጀራዎች ሰው ፊት የሚቀርቡ ሆነው ወጡ። ሒሳብ ሹሙ በሰፌድ ያነሣውን አንዱን ለብቻው አስቀምጦ «ይኼን የጋገርኩት እኔ ነኝ» እያለ ለሚያልፈው ሁሉ ያሳይ ነበር። የእሱ ሚስት በሳምንት ስንት ትጋግር ይሆን? አሳይታ ግን አታውቅም።

ከተማ ስንመለስ ቃለ ጉባኤው «ማኅበሩ በክብራን ገብርኤል ገዳም የማዕድ ዝግጅት አገልግሎት ሰጥቷል» ተብሎ ተጻፈ። ስለ ማሟሻው የተጻፈ ነገር የለም። ለውጥ አልመጣም እንዳልል ደግሞ፣ ሒሳብ ሹሙ ሚስቱን «ጭሱ አያስቸግርሽም?» ብሎ ጠይቋት፣ ደንግጣ ሐኪም ቤት ልትወስደው ነበር አሉ።

የነሐሴው ማኅበር የተጠጣው በሙሴው ቤት ነው። ጠላው ግሩም ነበር። ሙሴው ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ወንድሞቼ፣ ክብራን ብዙ አስተምሮናል። ስለዚህ ለእህቶቻችን ታላቅ የምስጋና መርሐ ግብር እናድርግላቸው። የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው» አሉ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ። ልጁ እጁን አወጣ። «ምሳውን ማን ይሠራል?» አለ። ሙሴው «እንዴ! ለገዛ ምስጋናቸው ይሰስታሉ እንዴ?» አሉ፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ጸሐፊው ሊያበሥር ወደ ጓዳ ተላከ።

ጓዳ ሚስቶቻችን ሰብሰብ ብለው ነበር። ሹክሹክታ ተሰማ፣ ከዚያ ሳቅ። ጥቂት ቆይቶ የሙሴው ባለቤት ጆጉን ይዘው ብቅ አሉ፤ የባላቸውን ዋንጫ እየሞሉ፣ «ሰምተናል፣ እግዜር ይስጥልን። እኛም ተመካክረናል። ዝግጅቱን ክብራን ገብርኤል አድርጉልን» አሉ።

«ምን ነካሽ፣ እናንተ እኮ ክብራን አትገቡም!» አሉ ሙሴው።

«እሱማ አንገባም። እኛ እንጦስ ሆነን እንጠብቃለን፤ እናንተ ጋግራችሁ በጀልባ ትልኩልናላችሁ።»

ጸሐፊው ብዕሩን እንዳነሣ ቀረና ሙሴውን አየ። ሙሴው መምሬን አዩ። መምሬ ጠላቸውን አዩ። ከጥግ በኩል ሒሳብ ሹሙ ቀስ ብሎ እጁን አወጣና «ማሟሻውን እኔ እችላለሁ» አለ።