መቼ ነው የምትመለሺው?

ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ነበርን። የእህቴ ልጅ ሚኒሶታ ተወልዳ አድጋ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነር ሆና፣ ይኸው ሐዋሳ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ። እድር ገብታለች። ከባጃጅ ነጂ ጋር በሁለት ብር ትጨቃጨቃለች። ዓሣ ሻጩ ግን ቆሮሶውን እየበለተ፣ ቀና ሳይል፣ «እህቴ፣ መቼ ነው የምትመለሺው?» አላት።

«የት?»

«አገርሽ ነዋ!»

አንዲት የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ አብራን ነበረች። ተምረው ወደ ወላጆቻቸው አገር የሚመለሱትን ነው የምታጠናው። ደስ አላት፣ ጻፈች። ጃፓን በ1982 ዓ.ም. ሕጓን አሻሽላ የጃፓን ዘር ላላቸው ብራዚላውያን በሯን ስትከፍት፣ ብራዚል «ጃፓኖቹ» ሲባሉ የኖሩት ሰዎች እዚያ ሲደርሱ «ብራዚሎቹ» ተባሉ አለችን። የእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ሰጥታለች። ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ይቻላል፤ መምረጥ ግን የለም። ዓሣ ሻጩ አዋጁን አላነበበም።

«እኔንስ አትጠይቂኝም?» አልኳት።

«እርስዎ ውጭ ኖረው ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

መቅረጫዋን አጠፋችው።

የምወደው ተረት አለ፦ «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» «እስኪመለስ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ከተመለሰ በኋላስ? ተረቱ ዝም። ያልወጣውንማ ጭራሽ አላነሳውም። እኔ ከዚህ ሐይቅ ዳር ሳልነቃነቅ ስንቱን ተሸክሜያለሁ! የሄዱትን ሰዎች ግብር የምከፍል፣ ተከራያቸውን የምለማመጥ፣ ለቅሷቸውን የምደርስ እኔ ነኝ። የአጎቴ ልጅ በ1985 ሲሄድ «ለብርዱ» ብሎ የቆዳ ጃኬቴን ለብሶ ወጣ። ዓምና ተመለሰ። ብጠይቀው «አሁንም ታስታውሰዋለህ?» ብሎ ሳቀ። አዎ፣ አስታውሰዋለሁ! የግራ ኪሱ ዚፕ ይነክሳል፣ ገበሩ ቡናማ ነው። እሱን ስለ ማንነቱ ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ አድርገውለታል። ስለ ጃኬቱ የጠየቀው ሰው የለም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ጥያቄው። ነውር ነው። ሰውን «ግባ» ብሎ ወንበር መንሳት ነው። ልጅቷ ባጃጅ ውስጥ ትጠየቃለች፣ ገብርኤል ደጅ ትጠየቃለች፣ እድሩም ላይ ሳይቀር ትጠየቃለች። ይኼን ሁሉ ስናገር ዓሣው በዳጣ ቀረበ። እሷም በሚቀጥለው ወር ለወንድሟ ሰርግ ሚኒሶታ ደርሳ እንደምትመጣ ነገረችን።

«መቼ ነው የምትመለሺው?» አልኳት።

«ወዴት ጋሼ?»

«ወደዚህ ነዋ! የጫማ ቁጥሬ 42 ነው።»