ከተከላው በኋላ ያሉት ቅዳሜዎች

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ሐበሾች ስላይጎ ክሪክን እናውቀዋለን። ልደት ሲሆን፣ ምርቃት ሲሆን ሥጋ የምንጠብስበት፣ ልጆቻችንን ብስክሌት የምናስለምድበት ቦታ ነው። እኔም ለዓመታት የማውቀው በዚሁ ነበር። በልተን፣ ቡናችንን ጠጥተን፣ ዕቃችንን ሰብስበን እንሄዳለን። ወንዙ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም።

እንድጠይቅ ያደረገችኝ ጎረቤቴ ናት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎማ ቦቷን አድርጋ ስትወጣ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ወንዝ ልናጸዳ ነው፣ ሥራ ከሌለህ ና አለችኝ። የዚያን ቀን ፈረቃ አልነበረኝም። ሄድኩ።

«የስላይጎ ክሪክ ወዳጆች» የሚባል የሰፈሩ ሰዎች ማኅበር አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ነዋሪውን ጠርቶ ወንዙን ያጸዳል። ጓንትና ከረጢት ይዘህ ጎንበስ ማለት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። እኔ የደረሰኝ ድልድይ ሥር ነበር። የውሃ ጠርሙስ፣ የቴኒስ ኳስ፣ ቅርንጫፍ ላይ የተጠመጠመ ፌስታል። ፌስታሉን ስጎትተው እየተበጣጠሰ እጄ ላይ ቀረ። አብዛኛው ወንዙ ውስጥ የተጣለ እንዳይመስልህ አለችኝ፤ መንገድ ላይ የተጣለ ነው፣ ዝናብ በቦዩ ጠርጎ እዚህ ያመጣዋል። ከዚህ ወደ አናኮስቲያ፣ ከአናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ ይሄዳል፤ መጨረሻው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም የምታስከፍለውም አናኮስቲያን ለማጽዳት ነው። ስንት ጊዜ ከፍያለሁ። ለምን እንደምከፍል የገባኝ ግን ያን ቀን ድልድይ ሥር ነው።

ይሁንና ልቤ ውስጥ የቀረው ጽዳቱ አይደለም። የጽዳት ዘመቻማ በአገራችንም አለ። የገረመኝ ሴትዮዋ በወሩ መጋዝና የአትክልት መቀስ ይዛ እንደገና መውጣቷ ነው። በቀጣዩም ወር እንዲሁ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፓርኮች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ «የአረም ዘማቾች» ብለው የሚጠሯቸው በጎ ፈቃደኞች አሏቸው። ሥልጠና ይወስዳሉ፣ ከዚያ ከሌላ አገር መጥቶ ጫካውን የወረረውን ተክል ያስወግዳሉ። ዋናው ጠላታቸው አይቪ የሚሉት ሐረግ ነው። ክረምት ከበጋ አይረግፍም፤ ለዓይን ያምራል። ዛፉ ላይ ወጥቶ ግን ብርሃን ይከለክለዋል፣ ክብደቱ ደግሞ ንፋስ በመጣ ቁጥር ለመውደቅ ያጋልጠዋል።

አቆራረጡን አሳየችኝ። ግንዱን ዙሪያውን ትዞራለህ። አንዱን ሐረግ ሳታስቀር እግሩ ላይ ትቆርጣለህ፣ ደረትህ ላይ ደግመህ ትቆርጣለህ፣ መካከል ያለውን ታነሳለህ። ላይ ያለውን ግን አትጎትትም፤ ልጡን ይልጠዋል፣ ቅርንጫፍም ራስህ ላይ ይመጣል። እዚያው ደርቆ ይቀራል። አንዱን ዛፍ ጨርሼ ቀና ስል ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ሦስተኛው ላይ ነበረች።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ። ቀበና ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። ከሁለት ዓመት በፊት ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ነበርኩና ሰፈሩ ችግኝ ሲተክል አብሬ ወጣሁ። ደስ ይል ነበር። ወጣቱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ እናቶች ቆሎና ዳቦ ያዞራሉ፣ ከላይ ካፊያ አለ። እንዲህ ያለ የደቦ ስሜት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አላየሁም። እዚያ ሰው በዝምታ ይሠራል፣ ሰዓቱ ሲደርስ መኪናው ውስጥ ይገባል። በአብሮነት እኛ እንበልጣለን፤ ይህን ስል ለማጽናናት አይደለም።

ለፋሲካ ተመልሼ ስሄድ የተከልንበትን ቁልቁለት ለማየት ወጣሁ። ግማሹ ደርቋል። ሌላውን ፍየል በልቶታል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ማን ይመጣል ተብሎ አልተነገረም፤ የውሃ ተራ የያዘም አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲናገር እንደ ሁሉም ሰው ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ቁልቁለት ካየሁ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። በሚያዝያ ስንቱን ችግኝ ሰው አጠጣው?

አንድ ወይራ ግን ቆሟል። ዙሪያው የግራር እሾህ ታጥሯል፣ ሥሩ እርጥብ ነው። እማማ ናቸው ያጠሩት፤ ቤታቸው ከቁልቁለቱ ሥር ነው። በአምስት ሊትር ጀሪካን አትክልት ያጠቡበትን ውሃ ይዘው ይወጣሉ።

«እማማ፣ በየቀኑ ነው የሚወጡት?»

«ኧረ በሳምንት ሁለቴ ነው ልጄ። ጉልበቴ እሺ አይልም።»

«የሚያግዝዎት ሰውስ?»

«የተከልኩት እኔ፤ ማን ያጠጣልኝ?»

ይህን ሳስብ ፈረንጅ የሚያስተምረን አዲስ ነገር አለ ለማለት ይከብደኛል። መንዝ ጓሳን አስቡት። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ጠብቆታል። ጓሳ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከላከለው የሣር ካባ ለጌሳ ይፈለጋል። ስለዚህ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ የሚያጭድ፣ ከብት የሚያስገባ አይኖርም። አለቃ ይመረጣል፣ የየደብሩ ሰው በተራ ይጠብቃል። ሲከፈት ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ቦታው ላይ የወረደው ጉዳትም ቀላል አልነበረም። ኋላ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቋመው። ለእኔ ትልቁ ነገር ሣሩን የሚያጭደው ያው የሚጠብቀው ሰው መሆኑ ነው። እማማም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ያ የሰፈራችን ቁልቁለት ግን የሁላችንም ተባለ እንጂ በስሙ የሚጠራ አንድ ሰው አልነበረውም። ለእያንዳንዱ ቤት አምስት አምስት ችግኝ በስም ቢሰጥ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የውሃ ተራ ቢወጣ፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ዕድርማ ተራ ማውጣት ያውቅበታል።

እኛም እዚህ ያለነው አንድ ነገር ይቀረናል። ስላይጎ ክሪክ በወጣን ቁጥር ሐበሻ አይጠፋም፣ በጽዳቱ ቀን ግን ሐበሻ ብርቅ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ቅዳሜውን ስጥ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ወሩን የዘለልኩበት ጊዜ አለ። ባለፈው ወር ግን ሦስት ቤተሰብ ሆነን ሄድን። ሥጋው በኋላ ይደርሳል ብለን መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ሐረግ ቆረጥን። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የራሷን ዛፍ መረጠች፣ ግንዱን ዞራ ጨረሰችና በሚቀጥለው ወር ላይኛው ደርቆ እንደሆነ ለማየት እንድንመጣ አስማለችኝ።

አገር ቤት ያለው የወንድሜ ልጅ ደግሞ በየጊዜው የወይራውን ፎቶ ይልክልኛል። አሁን ከእሾሁ አጥር በላይ ብቅ ብሏል። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ጀሪካኑን የያዘው እሱ ነው፤ እማማ ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።